ዶሮ ሲታመምባችሁ፦ መድሐኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ምን ማየት፣ ከዛ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ

ከሁለት አመት በፊት ጳጉሜ ላይ ለእንቁጣጣሽ የሚታረዱ ሁለት ዶሮዎች ከገበያ ገዛሁና እስከ በአሉ ድረስ ብዬ ከ14ቱ ቄቦቼ ጋር አንድ ቤት አሳደርኳቸው። አንደኛዋ ፈዘዝ ያለች ነበረች ግን መንገድ አድክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። በ5ኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ከቆጡ ስር አንዷ ቄብ ተዘርራለች፣ ሌላዋ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠማዞ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ሮጬ መድሐኒት ቤት ሄድኩና «ዶሮ ታሞብኛል» አልኩ፣ ልጁ ስንት ናቸው፣ እድሜያቸው ስንት ነው፣ ኩሳቸው ምን ይመስላል ምናምን ሳይለኝ የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት አንስቶ ሰጠኝ፣ እኔም ምንም ሳልጠይቅ ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ 3 ዶሮ ቀረኝ። ፈንግል ነበር። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ያ ዱቄት ደግሞ የባክቴሪያ መድሐኒት ነው፣ ባዶ ውሃ ብሰጣቸውም ያው ነበር።

ከዛ ወዲህ ለጎረቤትም ለዘመድም የምለው አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ እዩ፣ ቁጠሩ፣ ከዛ ግዙ። እዚህ የምጽፈው ከ5 እስከ 30 ዶሮ ግቢው ውስጥ ላለው ሰው ነው። እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ዶሮ አርቢ ነኝ፣ የእንስሳት ሀኪም አጠገባችሁ ካለ እሱን አስቀድሙ።

1. ሳትነኳቸው ቁጠሩ

ዶሮ ህመሟን ትደብቃለች፣ ሰው ሲጠጋት ደህና ትመስላለች። ስለዚ ጠዋት መኖ ስትሰጡ ራቅ ብላችሁ 10 ደቂቃ ቁሙ። ሁሉም ተጋፍተው ሲመጡ የቀረችውን፣ ላባዋን ነፍታ አይኗን ጨፈን የምታደርገውን፣ ጭራዋን ወደ ታች የጣለችውን፣ ከበላች በኋላ ጥግ ይዛ የምትቆመውን ልብ በሉ። ከዛ ለራሳችሁ መልሱ፦ የታመሙት ስንት ናቸው? በስንት ቀን ውስጥ? እድሜያቸው ስንት ነው? ባለፉት 2 ሳምንታት አዲስ ዶሮ ገብቷል? ክትባት ወስደዋል? መኖ ቀይራችኋል?

እነዚህ ጥያቄዎች ግማሹን መንገድ ያስኬዷችኋል። አንዷ ብቻ ታማ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ብዙ ጊዜ የራሷ ችግር ነው፣ እንቁላል ተሰንቅሮባት ወይ የዋጠችው ነገር ደረቷ ላይ ቆሞባት ወይ ቆስላ። በ2 እና 3 ቀን ውስጥ ከአንድ ወደ አራት ወደ ስምንት ከሄደ ተላላፊ ነው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉ ጫጩቶች ከሆኑ ሀሳባችሁ ቶሎ ወደ ኮክሲዲያ (የአንጀት ተውሳክ የሚያመጣው ተቅማጥ) እና ወደ ጉምቦሮ (የጫጩት የቫይረስ በሽታ) ይሂድ። ጠዋት ደህና የነበሩት ከሰአት አንድ ላይ ከወደቁ ደግሞ መርዝ ጠርጥሩ፣ የአይጥ መርዝ፣ የተረጨ ጎመን፣ የሻገተ መኖ።

2. ለዩ፣ ዛሬውኑ

ይሄ ማታ እስክመለስ የሚባል ነገር አይደለም። ካርቶን ውስጥ ሰጋቱራ ወይ ጋዜጣ አንጥፉ፣ ነፋስ የማይመታው ቦታ አስቀምጡ፣ ከደህናዎቹ ቢያንስ በሌላ ክፍል ይሁን። የታመመች ዶሮ ይበርዳታል፣ በተለይ በሀምሌ ሌሊት፣ አምፖል ከላይ አንጠልጥሉላት ግን ከሞቃት ሸሸት የምትልበት ቦታ ይኑራት። ከሰል አታስገቡ፣ ጭሱም ጋዙም ዶሮን ከሰው ቀድሞ ነው የሚገድላት። ጋዜጣው የሚጠቅመው ኩሷን ለብቻው ለማየት ነው። መጀመሪያ ደህናዎቹን መግቡ፣ መጨረሻ ላይ የታመመችውን፣ ከዛ እጅ በሳሙና፣ ጫማችሁንም ቀይሩ። በጫማ ስር ስንት በሽታ እንደሚጓዝ ብታውቁ።

ውሃ ከምግብ ይቀድማል። ጤነኛ እንቁላል ጣይ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፣ የታመመችው ካልጠጣች በአንድ ቀን ትደርቃለች። የልጆች ኦ አር ኤስ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከሌለ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አፏን ከፍታችሁ አትገልብጡባት፣ ሳንባዋ ይገባል፣ በሲሪንጅ ጠብታውን ከምንቃሯ ጎን አድርጉላት፣ እራሷ ትልሰዋለች።

3. ያዟትና ከአናት እስከ እግር ፈትሹ

ማታ ቆጥ ላይ ስትወጣ ብትይዟት አትንፈራገጥም። ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጉ።

አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ፣ ባለሙያዎቹ ኮምብ የሚሉት፣ የጤናዋ መስታወት ነው። ከነጣ ደም አንሷታል፣ ቅማል ወይ ትል ወይ ኮክሲዲያ ወይ የዶሮ ታይፎይድ። ወደ ሰማያዊ ካደላ አየር አጥሯታል ወይ ልቧ ደክሟል። ጥቁር ደረቅ ቅርፊት ካለበት ፈንጣጣ ነው። ላባ እየቀየረች ያለች ዶሮም ኮምቧ ይጠወልጋል፣ መጣልም ታቆማለች፣ እሱ በሽታ አይደለም።

አይንና አፍንጫ፦ አረፋ፣ ንፍጥ፣ ያበጠ ፊት። አፏን ክፈቱ፣ ነጭ ቢጫ ሽፋን አለው? ጆሮአችሁን ጀርባዋ ላይ አድርጉና አተነፋፈሷን ስሙ፣ የሚንከረከር ድምጽ ካለ መተንፈሻዋ ነው።

ደረቷ ላይ ያለው የምግብ ከረጢት ማታ ሙሉ፣ ጠዋት ከመብላቷ በፊት ባዶ መሆን አለበት። ጠዋት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ተዘግቷል፣ እንደ ውሃ ከረጢት ከተንቦጫረቀና አፏ እንደቦካ ሊጥ ከሸተተ ኮምጥጧል።

የደረት አጥንቷን ዳብሱ። እንደ ቢላ ከወጣ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ እየከሳች ነው ማለት ነው፣ እናንተ ያያችሁት ዛሬ ቢሆንም። ከዛ እንቁላል የምትጥልበት አካባቢ ላባውን ግለጡ፣ ቅማል እዛ ነው ቤቱን የሚሰራው፣ ከላባው ስር ላይ የስኳር ዱቄት የመሰለ ነጭ ክምችት እንቁላሉ ነው። ቁንጫ ደግሞ አይኗ ዙሪያና ኮምቧ ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ተሰክቶ ይታያል። የእግሯ ቅርፊት ተነስቶ ከተነፋፋ የእግር እከክ ነው፣ ከእግሯ ስር ጥቁር እብጠት ካለ ቁስል መግል ይዟል።

4. ኩስ ማንበብ

ደስ አይልም ግን ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር የለም። ደህናው ጠጠር ያለ ቡናማ ሆኖ አናቱ ላይ ነጭ አለው። በየመሀሉ አንድ ቀጠን ያለ፣ የሚያጣብቅ፣ በጣም የሚሸት ቡናማ ኩስ ትጥላለች፣ እሱም ጤነኛ ነው፣ ስንቱ ሰው ይሄን አይቶ መድሐኒት ገዝቷል። የታቀፈች ዶሮም አጠራቅማ አንድ ትልቅ ግማታም ትጥላለች፣ አትደንግጡ።

ደም ወይ ቸኮሌት የመሰለ፦ ኮክሲዲያ። ግን ትላንት የቀይ ስር ልጣጭ ጥላችሁላቸው እንደሆነ አስታውሱ፣ እኔ አንዴ በቀይ ስር ልጣጭ ምክንያት ሌሊቱን አልተኛሁም። ነጭ ውሃማ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለ ጫጩት ላይ፦ ጉምቦሮ። ቢጫ አረንጓዴ፣ ቂጧ ላይ የተለጠፈ፣ ከነጣ ኮምብ ጋር፦ የዶሮ ታይፎይድ። ደማቅ አረንጓዴ ከትንፋሽ ችግር ወይ ከአንገት መጠማዘዝ ጋር፦ ፈንግል። አረንጓዴ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም፣ ጎመን የበላችም ምንም ያልበላችም አረንጓዴ ነው የምትጥለው።

5. አሁን ወደ በሽታዎቹ

ፈንግል። እንግሊዞቹ ኒውካስል ይሉታል። ከተያዘች ብዙውን ጊዜ በ5 እና 6 ቀን አካባቢ ይታይባታል፣ ከ2 እስከ 15 ቀንም ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ነው ከገበያ ስትገዙ ደህና የነበረችው በሳምንቱ ቤቱን የምታራግፈው። ማፈን፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አንገት መጠማዘዝ፣ ክንፍና እግር መስነፍ፣ ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይታይ ዝም ብሎ መሞት። መድሐኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ በርበሬ፣ አረቄ አፏ ውስጥ ማንቆርቆር በየሰፈሩ አለ፣ እናቴም ታደርገው ነበር፣ የተረፈችውን ዶሮ አረቄው አዳናት ይባላል፣ የሞቱት 10ሩ ግን አይነሱም።

ማድረግ የምትችሉት ሶስት ነገር ነው። በጣም የታመሙትን ማስወገድ፣ የቀሩትን ውሃና ሙቀት መስጠት፣ ከግቢ ምንም ዶሮ አለማስወጣት። እኔ ሲደርስብኝ ጎረቤታችን እማማ አጥር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ፈንግል ገብቷል፣ ሳይሞቱ ቶሎ ሽጣቸው» አሉኝ። ክፋት አይደለም፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ የእኔም ሁለቱ ዶሮዎች እንደዛ ተብለው ነው ገበያ የወጡት። ደግሞ የታመመ ዶሮ ስትነኩ አይናችሁን አትሹ፣ ፈንግል ሰው ላይ ቀላል የአይን መቅላት ያመጣል። ለወረዳው የግብርና ጽህፈት ቤት ወይ ለእንስሳት ክሊኒክ አሳውቁ፣ ጎረቤት ክትባት እንዲያስገባ ጊዜ ይሰጣል።

ኮክሲዲያ። ይሄኛው የሚድን ነው፣ ቶሎ ከደረሳችሁ። እርጥብ ጉዝጓዝ ነው እናቱ፣ ኩስ ውስጥ የሚወጣው የተውሳኩ እንቁላል ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በ1 እና 2 ቀን ለመያዝ ይደርሳል። ጫጩቶቹ ተጨብጠው ይቆማሉ፣ ይነጣሉ፣ ደም ያስቀምጣሉ። መድሐኒቱ አምፕሮሊየም ነው፣ ብዙ ጊዜ 20 ፐርሰንት የሚል ዱቄት ታገኛላችሁ። የ20 ፐርሰንቱ መጠን በ1 ሊትር 1.2 ግራም ነው፣ ማለት 30 ግራሟ ከረጢት ለ25 ሊትር ጀሪካን። 10 ዶሮ ያለው ሰው 25 ሊትር አይበጠብጥም እና እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ዱቄቱን ንጹህ ወረቀት ላይ አፈስና በቢላ ጠርዝ 5 እኩል ክምር አደርገዋለሁ፣ አንዱ ክምር ለ5 ሊትር። የቀረውን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልዬ ደረቅ ቦታ። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፣ ሌላ ውሃ ግቢ ውስጥ አይኖርም፣ የዝናብ ኩሬም ቢሆን። ለ5 ቀን፣ ከዛ መጠኑን ወደ ሩብ አውርዳችሁ ሌላ አንድ ሳምንት። የገዛችሁት ላይ ፐርሰንቱ ሌላ ከሆነ ከእኔ ሳይሆን ከወረቀቱ ተነሱ።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር፦ አምፕሮሊየም የሚሰራው የቢ1 ቫይታሚንን ቦታ ይዞ ተውሳኩን በማስራብ ነው፣ እናንተ በዛው ውሃ ውስጥ መልቲቫይታሚን ከጨመራችሁ ተውሳኩን መገባችሁት። ቫይታሚን ከህክምናው በኋላ። ጉዝጓዙን ደግሞ ጠርጋችሁ ካላወጣችሁ በሁለት ሳምንት እንደገና እዛው ናችሁ፣ በረኪና ይሄን እንቁላል አይገድለውም፣ የፈላ ውሃና ፀሐይ ነው የሚያዋጣው።

ጉምቦሮ ቫይረስ ነው፣ መድሐኒት የለም፣ ውሃ፣ ሙቀት፣ በቃ። ማሬክም እንደዛው፣ አንድ እግሯን ወደፊት አንዱን ወደኋላ ዘርግታ የተኛች ቄብ ካያችሁ እሱን አስቡ፣ ክትባቱ የሚሰጠው በተፈለፈለችበት ቀን ብቻ ስለሆነ አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ፈንጣጣ ክረምት ሲወጣ ትንኝ ሲበዛ ይመጣል። ቅርፊቱን አትላጡ፣ አዮዲን ቀቡት፣ አይኗ ከተዘጋ በለብታ ውሃና ጨው አጥባችሁ የቴትራሳይክሊን የአይን ቅባት አድርጉ፣ በእጅ መግቡ። ደረቁ አይነት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ራሱ ይለቃል። አፏ ውስጥ ከገባ ግን ታፍና ልትሞት ትችላለች።

ማስነጠስ፣ ንፍጥ፣ መንከርከር፣ አረፋ የያዘ አይን፣ ግን ሞት ብዙ ከሌለ ሲአርዲ የሚሉት የቆየ የመተንፈሻ በሽታ ነው፣ ፊቷ አንድ ጎን አብጦ የሚከረፋ ንፍጥ ከሆነ ኮራይዛ። ሁለቱም ባክቴሪያ ናቸው፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይ ታይሎሲን እዚህ ጋ ነው ቦታው። ታይፎይድም ባክቴሪያ ነው። ግን የዳነችው ዶሮ ተሸካሚ ሆና ትቀራለች፣ ከእሷ እንቁላል ጫጩት አታስፈልፍሉ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ስትሰጡ በነዛ ቀናት የእንቁላል ቅርፊት፣ የኖራ ድንጋይ፣ ወተት አብራችሁ አትስጡ፣ ካልሲየም መድሐኒቱን ይይዘዋል።

እንቁላል የተሰነቀረባት፦ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ታምጣለች፣ ደጋግማ ጎጆዋ ትገባለች ግን ምንም የለም። ለብ ያለ ውሃ በባልዲ፣ ታችኛው ግማሿ እስኪገባ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እየያዛችሁ፣ ከዛ አድርቃችሁ ቀዳዳዋን በንጹህ ዘይት አለስልሱና ጨለማ ሞቃት ቦታ ተዉአት። የካልሲየም ኪኒን ተፈጭቶ ይረዳል። እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ እንዳትሰብሩት፣ ቅርፊቱ ቆርጦ ይገድላታል። እስከ ነገ ካልወጣ ሀኪም።

የተዘጋ የምግብ ከረጢት፦ ረጅም ሳር፣ ክር፣ የማዳበሪያ ከረጢት ፈትል ብዙ ጊዜ። አንድ ቀን መኖ ከልክላችሁ ውሃና ትንሽ ዘይት በጠብታ፣ በቀን ሶስት አራቴ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። ዘቅዝቃችሁ ልታስታውኳት አትሞክሩ።

ቅማልና ቁንጫ፦ የአመድና የደረቅ አፈር መታጠቢያ ለቀላሉ፣ ለከባዱ ለዶሮ ተብሎ የተሰራ ዱቄት፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ቆይቶ ድገሙት ምክንያቱም እንቁላሉ አይሞትም። ቁንጫዋ የተሰካችበት ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ለእግር እከክም ቫዝሊን ወይ የምግብ ዘይት በየ2 ቀኑ ለሳምንታት። ነጭ ጋዝ አትቀቡ፣ የጤፍ ተባይ መርጫም አትርጩ፣ ቅማሉ ሳይሆን ዶሮዋ ናት የምትሞተው።

6. ስለ መድሐኒት ጥቂት ጠንካራ ነገር

የሰው ካፕሱል ከፍቶ ውሃ ውስጥ መበተን ይቅር፣ መጠኑን ማንም አያውቀውም። አንቲባዮቲክ ከጀመራችሁ ተሻላቸው ብላችሁ በ2ኛው ቀን አታቁሙ። ሰልፋ ያላቸውን መድሐኒቶችና ኤንሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ለእንቁላል ጣይ አትስጡ። እና እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ከመጨረሻው መጠን በኋላ ሥጋዋና እንቁላሏ ስንት ቀን እንደማይበላ ተጽፏል፣ በሁዳዴ መጨረሻ ሳምንት መድሐኒት የጠጣች ዶሮ የፋሲካ ዶሮ ወጥ አትሆንም፣ ቀኑ እስኪያልፍ ጠብቁ። እንቁላሉንም ለጎረቤት ልጅ አትስጡ።

7. የሞተችውን

ውሻ እንዲበላት ቦይ ውስጥ አትጣሉ። ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩ፣ ኖራ ካለ አድርጉበት። ምክንያቱ ካልገባችሁ ግን ከመቅበር በፊት የሞተችውን በሁለት ድርብ ፌስታል አድርጋችሁ በቅርብ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ በዛው ቀን ውሰዱ፣ ለአዲስ አበባና አካባቢዋ ሰው ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ ድሮ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ማዕከል ይባል የነበረው፣ ቢሾፍቱ ደግሞ የእንስሳት ህክምና ኮሌጁ። ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩዋት እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አትጨምሩ፣ ውስጧ ሲታይ ይበላሻል።

ቤቱን መጀመሪያ ጠርጋችሁ በሳሙና እጠቡ፣ ከዛ ነው በረኪና፣ ኩስ ላይ የፈሰሰ በረኪና የባከነ ገንዘብ ነው። ከፈንግል በኋላ ቤቱን ቢያንስ አንድ ወር ባዶ ተዉት።

8. ክትባት፣ ማለት እኔ ያላደረኩት

የ45 ቀን ጫጩት ስትገዙ የትኛውን ክትባት በስንት ቀኑ እንደወሰደ በጽሁፍ ጠይቁ፣ ተከትቧል የምትል ቃል ብቻ አትበቃም። ለፈንግል በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ1 የሚባለው ክትባት በአይን ጠብታ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ላይ ላሶታ የሚባለው፣ ከዛ በየ3 ወሩ አካባቢ መድገም። ሀገር ውስጥ የሚሰራው ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም (ኤንቪአይ) ነው፣ አይ-2 የሚባለው ሙቀት የሚችለው ክትባትም አለ፣ ለገጠር እሱ ይመቻል። ሌሎቹ በበረዶ ነው የሚጓጓዙት፣ ካርቶን ላይ ሲሞቅ የዋለ ብልቃጥ ከገዛችሁ ውሃ ገዛችሁ።

በውሃ ከሰጣችሁ የቧንቧ ውሃ አይሁን፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፣ የዝናብ ወይ የጉድጓድ ውሃ፣ ከሌለ የቧንቧውን በክፍት ባልዲ አሳድሩት። በ1 ሊትር 2.5 ግራም ስብ የሌለው የወተት ዱቄት ቀድማችሁ በጥብጡበት፣ ብረት እቃ አትጠቀሙ፣ ዶሮዎቹን 2 ሰአት ውሃ አስጠሙና በ2 ሰአት ውስጥ ጠጥተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። የታመመ ቤት ውስጥ ክትባት አይገባም፣ ከተከተቡም በኋላ መከላከያው እስኪይዝ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል፣ ስለዚ ለበአል ልትከትቡ ከሆነ ነሀሴ ላይ እንጂ ጳጉሜ ላይ አይደለም።

ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ ነው የሚመጣው፣ ከተበጠበጠ ደግሞ አያድርም። እኛ ሰፈር አሁን 6 ቤት ሆነን አንድ ብልቃጥ በጋራ እንገዛለን፣ አንድ ቀን ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ከቤት ቤት እየዞርን በጠብታ እንሰጣለን፣ ሁለት ሰው ይይዛል አንዱ ያንጠባጥባል፣ እማማ ባትሪ ያበራሉ። ከገበያ የሚገባ ዶሮ ደግሞ አሁን የሚያርፈው ከበሩ ጎን ባለው የድሮ የውሻ ቤት ነው፣ 3 ሳምንት።